ብርቱካናማው ስንት ያወጣል?

ነጋዴ ቡናውን በኪሎ፣ ጨርቁን በሜትር፣ ዘይቱን በሊትር ይለካል። ቀለም ላይ ሲደርስ ግን መለኪያው ይጠፋበታል። ‹‹ብርቱካናማ ይሁንልኝ›› ብሎ ያዛል፤ አታሚውም ‹‹እሺ›› ብሎ ቅድሚያ ክፍያውን ይቀበላል። ሁለቱ በሐሳባቸው የያዙት ብርቱካናማ አንድ አለመሆኑ የሚታወቀው ዕቃው ተሠርቶ ሲቀርብና ቀሪው ክፍያ ሲጠየቅ ነው። ለመሆኑ በአንድ ተቋም ቀለም ላይ የሚታይ ትንሽ ልዩነት የገንዘብ ጉዳይ ነው ወይስ የዓይን ምርጫ?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ታሪክ ያለው በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ክፍለ ግዛት፣ ኦስቲን ከተማ በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዩኒቨርሲቲው ቀለሙን ከያዘ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በመካከሉ ሁለት ጊዜ ከቀለሙ ወጥቶ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። ሁለቱንም ጊዜ ያስወጣው የወጪ ጉዳይ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ከአገራችን አዋጅ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሱቅ መደርደሪያ የተነሣ ቀለም

በ1885 የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ቤዝቦል ለመጫወት ጆርጅታውን ወደምትባለው ጎረቤት ከተማ በባቡር ሊሄዱ ተነሡ። በዘመኑ ልማድ ደጋፊ ሁሉ የቡድኑን ቀለም ሪባን ደረቱ ላይ ያደርግ ነበር። ባቡሩ ከመንቀሳቀሱ በፊት ሁለት ተማሪዎች ወርደው ወደ አንድ ሱቅ ሮጡ። በሁለት ቀለም ሪባን ይፈልጋሉ፤ የትኞቹ ቀለሞች እንደሆኑ ግን የወሰነ ሰው አልነበረም። ባለሱቁ በመጀመሪያ ነጭ አወጣ። ነጭ ለሠርግና ለድግስ ሁልጊዜ ስለሚፈለግ በብዛት ይያዛል። ሁለተኛው ደማቅ ብርቱካናማ ነበር። እርሱም በብዛት ነበር፤ ምክንያቱ ግን የሚገዛው ሰው አለመገኘቱ ነው። ባለሱቁ ተኝቶ የከረመ ዕቃውን አራገፈ፤ ልጆቹም ባቡራቸው ላይ ደረሱ።

ዛሬ በዚያ ቀለም የሚሸጠውን ልብስ፣ ኩባያና ኮፍያ ላሰበ ሰው ነገሩ ያስቃል። በቁም ነገር ሲታይ ግን አንድ ትልቅ ነጥብ አለው። ቀለሙ በተመረጠበት ቀን አንዳች ዋጋ አልነበረውም። የመጠነ ልኬት ጥናት አልተደረገበትም፤ ትርጉም አልተሰጠውም፤ ገበያው እንዲያውም አልፈልግም ብሎት ነበር። ዋጋው የመጣው ኋላ፣ ከመደጋገም ነው።

መደጋገሙ ግን ቀላል አልሆነም። በ1890ዎቹ ማብቂያ ላይ የስፖርት ማኅበሩ የልብስ ማጽጃ ወጪ ከበደውና ቶሎ የሚቆሽሸውን ነጭ ትቶ ብርቱካናማውን ከጠቆረ ቀይ ጋር ማልበስ ጀመረ። ተማሪውና የቀድሞ ተመራቂው በዚህ ተከፋፈለ። በመጨረሻ የዩኒቨርሲቲው የበላይ ቦርድ ነገሩን ለድምፅ አቀረበው፤ በ1900 ከተሰጡት 1,111 ድምፆች 562ቱ ለብርቱካናማና ነጭ ሆኑ። ከግማሽ የበለጠው በጥቂት ድምፅ ብቻ ነው። 

ሁለተኛው ችግር ከልብስ ማጠቢያው መጣ። ደማቁ ብርቱካናማ ማሊያ በታጠበ ቁጥር እየነጣ፣ የጨዋታው ወራት ሲያበቃ ቢጫ ሆኖ ይገኝ ነበር። የተጋጣሚ ደጋፊዎችም ‹‹ቢጫ ሆዶች›› እያሉ ይሳለቁ ጀመር። በእንግሊዝኛ ቢጫ ሆድ ማለት ፈሪ ማለት ነው። በ1928 አሠልጣኙ ክላይድ ሊትልፊልድ ቺካጎ ከሚገኘው የኦሼይ ሹራብ ፋብሪካ ጋር ተነጋግሮ የማይለቅ፣ ጠቆር ያለ፣ ወደ ሸክላ የሚያደላ ብርቱካናማ አሠራ። ‹‹የተቃጠለ ብርቱካናማ›› የሚባለው ቀለም ወደ ሜዳ የገባው በዚህ መንገድ ነው። ዓመታት አልፈው የማቅለሚያው ዋጋ አልቀመስ ሲል ቡድኑ ወደ ደማቁና ወደ ርካሹ ብርቱካናማ ተመለሰ። እንዲህ ቆይቶ በ1962 አሠልጣኝ ዳረል ሮያል የተቃጠለውን ብርቱካናማ መልሶ አመጣው። ከዚያ ወዲህ አልተነካም።

ዛሬ ይህ ቀለም ቁጥር አለው። በአታሚዎች ዘንድ በሚታወቀው የፓንቶን የቀለም ማውጫ 159 ነው። በኮምፒውተርና በስልክ መስኮት ላይ ደግሞ ቀይ 191፣ አረንጓዴ 87፣ ሰማያዊ 0 ተብሎ ይሞላል። ከኦስቲን የወጣ ደብዳቤ፣ ቺካጎ የታተመ መጽሔት፣ እስያ የተሰፋ ኮፍያ ሁሉም ወደዚህ ቁጥር ይጠጋሉ ማለት ነው። ‹‹ይጠጋሉ›› ያልነው በምክንያት ነው፤ ወደኋላ እንመለስበታለን።

ገዢው የሚከፍለው ለምንድነው?

አንድ ቲሸርት ጥጡ ያው ነው፤ ስፌቱ ያው ነው። የተቃጠለ ብርቱካናማ ሲሆንና የዩኒቨርሲቲው ምልክት ሲታከልበት ግን ዋጋው ይጨምራል። ጭማሪው የጨርቁ አይደለም፤ ‹‹እኔ የእነዚያ ወገን ነኝ›› የማለት ዋጋ ነው። ይህን ዋጋ ዩኒቨርሲቲው ብቻውን አይሰበስብም፤ ለአምራቾች ፈቃድ ይሰጣል፤ አምራቾቹም ከጅምላ ሽያጫቸው በመቶኛ የተወሰነ ሮያሊቲ ይከፍላሉ። በ1981 የተቋቋመው ኮሌጂየት ላይሰንሲንግ ካምፓኒ የተባለው ድርጅት በርካታ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን ወክሎ ይህን ፈቃድ የሚያሻሽጥ ደላላ ነው ማለት ይቻላል። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ከ2006 በኋላ ባሉት ተከታታይ ዓመታት ከድርጅቱ ደንበኞች መካከል በሮያሊቲ ገቢ ቀዳሚ ሆኖ ቆይቷል። በእርግጥ ለዚህ ያበቃው ቀለሙ ብቻ አይደለም፤ የእግር ኳስ ቡድኑ ድልና የተመራቂው ብዛትም አለበት። ነገር ግን ድሉን ከቲሸርቱ ጋር የሚያያይዘው ክር ቀለሙ ነው።

እዚህ ላይ በኢኮኖሚክስ ትምህርት ‹‹የፍለጋ ወጪ›› የሚባለውን ነገር ማንሳት ይጠቅማል። ገዢ ዕቃ ሲፈልግ ጊዜ ያጠፋል፤ ይጠራጠራል፤ ያገላብጣል። ቀለሙን ከሃምሳ ሜትር ለይቶ ካወቀ ግን ይህ ወጪ ይቀንስለታል። ከቀነሰለት ላይ ጥቂቱን በዋጋ ጭማሪ መልሶ ለሻጩ ይሰጣል። ከዚህም በላይ ቀለሙ ከተለያየ ገዢው ‹‹ይሄ ኦሪጅናል ነው ወይስ ፎርጅድ?›› ማለት ይጀምራል። በእኔ አስተያየት የጉዳዩ እምብርት እዚህ ላይ ነው። ባለቤቱ ራሱ አምስት ዓይነት ብርቱካናማ ወደ ገበያ ካወጣ፣ አስመስሎ ሠሪው ያወጣውን ስድስተኛውን ማን ይለየዋል? ወጥ ቀለም ከውበት ይልቅ የአጥር ሥራ ይሠራል። አጥሩን የሚያፈርሰው ብዙውን ጊዜ ሌባው ሳይሆን የግቢው ባለቤት ነው፤ አንዱ ዲን በወደደው ሰማያዊ ባነር ያሠራል፣ ሌላው ክፍል ከበጀት የተረፈ ወረቀት ላይ ያትማል፣ ሦስተኛው የዘንድሮው ይደምቅ ይላል።

ፍርድ ቤት የቆጠረው ዓመት

ይህ ነገር በክስ ተፈትኗል። መቀመጫውን በፍሎሪዳ ያደረገ ስማክ አፓረል የሚባል ልብስ ሻጭ ድርጅት ያለፈቃድ የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ደጋፊዎች የሚለብሱት ቲሸርት ይሸጥ ነበር። ዘዴው ብልጠት አለው። የዩኒቨርሲቲዎቹን ስምና ዓርማ አይጠቀምም፤ ቀለማቸውን ይይዝና ያሸነፉትን ጨዋታ ወይም ከተማቸውን የሚያስታውስ ጽሑፍ ያክልበታል። ደጋፊው ሳይነገረው ይገባዋል። የሉዊዚያና ስቴት፣ የኦክላሆማ፣ የኦሃዮ ስቴትና የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ከፈቃድ ደላላው ድርጅት ጋር ሆነው ከሰሱት። የአምስተኛው ክልል የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በኅዳር 2008 በሰጠው ውሳኔ ለዩኒቨርሲቲዎቹ ፈረደ።

ከዚህ በፊት በ1995 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀለም ብቻውን የንግድ ምልክት ሊሆን እንደሚችል ወስኖ ነበር። ያ ክርክር የተነሣው የልብስ ንጽሕና መስጫዎች በሚጠቀሙበት የመተኮሻ ሽፋን አረንጓዴ ወርቃማ ቀለም ላይ ነው። ነገር ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ፤ ሕዝቡ ቀለሙን አይቶ ‹‹ይህ የእገሌ ነው›› የሚልበት ደረጃ መድረስ አለበት። በዩኒቨርሲቲዎቹ ክስ ይህ እንዴት ተመዘነ? ፍርድ ቤቱ በመጀመሪያ ዓመታትን ቆጠረ። ኦሃዮ ስቴት ደማቅ ቀይና ግራጫውን ከ1878፣ ሉዊዚያና ስቴት ወይን ጠጅና ወርቃማውን ከ1893፣ ኦክላሆማና ደቡብ ካሊፎርኒያ የየራሳቸውን ከ1895 ጀምሮ ይዘው ቆይተዋል። ቀጥሎ ሽያጭን፣ ማስታወቂያን፣ የጋዜጣ አጠራርን ተመለከተ። የተከሳሹንም አሳብ መረመረ፤ ድርጅቱ ቀለሞቹን የተጠቀመው ዩኒቨርሲቲዎቹን ለማስታወስ መሆኑን አልካደም።

አንባቢ ውሳኔውን ከልክ በላይ እንዳይለጥጠው አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ፍርድ ቤቱ የጠበቀው ቀለሙን ለብቻው አይደለም፤ ቀለሙ ዩኒቨርሲቲውን ከሚያመለክቱ ሌሎች ነገሮች ጋር ተዳብሎ ሲቀርብ ነው። ባዶ ወይን ጠጅ ቲሸርት መሸጥ ማንንም አያስከስስም። የተፈረደው ካሣም በአሜሪካ መለኪያ ትንሽ ነበር፤ ትልቁ ነገር ለወደፊቱ የተቀመጠው መከልከያ ነው። ያም ሆኖ ለመቶ ዓመት ያህል አንድ ቀለም መያዝ በፍርድ ቤት እንደ ሰነድ ማስረጃ መቆጠሩን ነጋዴ ሊያስተውለው ይገባል። በየአሥር ዓመቱ ቀለሙን የሚቀያይር ተቋም እንዲህ ዓይነት መዝገብ ይዞ ሊቀርብ አይችልም።

ቁጥሩ አንድ፣ ቀለሙ ሦስት

አሁን ‹‹ይጠጋሉ›› ወዳልነው እንመለስ። የፓንቶን ማውጫ ከ1963 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ነው። አሠራሩ ከወጥ ቤት አሠራር ብዙም አይርቅም፤ ጥቂት መነሻ ቀለሞች አሉ፣ እነርሱን በምን ያህል መጠን ብትቀላቅል የትኛው ቁጥር እንደሚወጣ ተጽፎ ተቀምጧል። አዲስ አበባ ያለ አታሚና ቶኪዮ ያለ አታሚ ያንኑ ቁጥር ከያዙ ሳይነጋገሩ ይግባባሉ። ችግሩ የሚመጣው ቀለሙ ከቆርቆሮው ሲወጣ ነው።

የመጀመሪያው ጉዳይ ወረቀቱ ነው። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ቀለሙን ላዩ ላይ ስለሚያቆየው ይደምቃል፤ ተራ ወረቀት ስለሚመጠው ይደበዝዛል። ማውጫው ራሱ ለአንድ ቁጥር ሁለት ናሙና የሚያሳየው ለዚህ ነው። ሁለተኛው የማተሚያው ዓይነት ነው። በኦፍሴት አንድ ቀለም ለብቻው ተቀላቅሎ በራሱ ፕሌት ሊታተም ይችላል፤ ወይም ከአራቱ መደበኛ ቀለሞች፣ ማለትም ከሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር ነጠብጣብ ተገጣጥሞ ይሠራል። ብርቱካናማ በሁለተኛው መንገድ ሲሠራ ከሚያስቸግሩት ቀለሞች አንዱ ነው። ማጀንታው ጥቂት ቢበዛ ወደ ቀይ ይሄዳል፤ ጥቁር ቢገባበት ቡናማ ይሆናል። ሦስተኛው ጨርቅ ነው። ጥጥና ፖሊስተር የሚቀለሙት በተለያየ ማቅለሚያ ነው፤ አንዱ ዙር የተቀለመ ጨርቅም ከሚቀጥለው ዙር ትንሽ ይለያል። ከሁሉም የሚያሳስተው መብራት ነው። ሱቅ ውስጥ አንድ የመሰሉ ሁለት ጨርቆች ፀሐይ ላይ ሲወጡ ሁለት ሆነው የሚገኙበት ጊዜ አለ። ጨርቅ ነጋዴ ደንበኛውን ‹‹ደጅ ወጥተህ እየው›› የሚለው ያለምክንያት አይደለም።

የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ረጅም ግንብ ከ1937 ጀምሮ ለድልና ለክብር በብርቱካናማ መብራት ይደምቃል። ለጨለማ ሰማይና ለአምፖል ፓንቶን 159 ብሎ ማዘዝ አይቻልም። እዚያ የሚፈለገው ተመልካቹ ያንን ብርቱካናማ ነው ብሎ እንዲቀበል ብቻ ነው። ወጥነት ማለት ፍጹም አንድነት ሳይሆን በስምምነት የተወሰነ ልዩነት ማለት ነው። ትልልቅ ገዢዎች ይህን ልዩነት በመሣሪያ ይለኩታል፤ ከዚህ በላይ ከሆነ አንረከብም ይላሉ።

የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ደግሞ በሌላ በኩል ያስተምራል። ውሃ ሰማያዊው ከጥንት የተማሪዎች ማኅበር የተወረሰ፣ በአገሩ የታወቀ ቀለም ነው። ሆኖም የአንዱ ስፖርት ቡድን ሰማያዊ ከሌላው ይለይ ነበር። በ2015 ዩኒቨርሲቲው ከናይኪ ጋር ሆኖ የስፖርት ቡድኖቹን ሁሉ ወደ አንድ ቁጥር፣ ወደ ፓንቶን 542 ሰበሰባቸው። ቀለሙ ከመቶ ዓመት በላይ ሲወደድ የኖረ ሲሆን በቁጥር የታሰረው ግን ትናንት ነው ማለት ይቻላል። ፍቅር ያለ ቁጥር ብዙ ዘመን ሊሄድ ይችላል፤ የማሊያ ውል ሲመጣ ግን ቁጥር ይጠየቃል።

ወጪውስ?

ቀለምን ወጥ ማድረግ ውድ ነው የሚለው ክርክር በከፊል እውነት ነው። ለብቻው የሚቀላቀል ቀለም ተጨማሪ ፕሌትና የማሽን እጥበት ይጠይቃል። በተለይ መቶና ሁለት መቶ ቅጂ ለሚያሳትም ክፍል ወጪው አያዋጣውም። ነገር ግን ሌላም ጎን አለው። አርማና ደብዳቤው በአንድ ወይም በሁለት ቀለም ብቻ የተወሰነ ተቋም በአራት ቀለም ከማሳተም ይድናል። በየክፍሉ በተናጠል የሚታዘዘው ፖስታ፣ አጀንዳና ሸራ አንድ ላይ ሲታዘዝ የጅምላ ዋጋ ያስገኛል። ከሁሉ በላይ የማይመለስ ዕቃ ይቀንሳል። በቀለም ልዩነት የተነሣ መጋዘን የቀረ ሦስት ሺህ ቲሸርት ለአታሚውም ለገዢውም ኪሳራ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ስም ያለበትን ልብስ ሌላ ማን ይገዛል?

ለአገራችን ነጋዴ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የንግድ ምልክት ሊሆኑ የሚችሉትን ሲዘረዝር ከቃላት፣ ከንድፍ፣ ከፊደልና ከቁጥር ጋር ቀለምንም ያነሳል። ስለዚህ የቀለም ባለቤትነት የአሜሪካ ጉድ ብቻ ተደርጎ የሚተው አይደለም።

በምረቃ ሰሞን የተቋም ቲሸርት፣ ባነር፣ ሪባንና ስጦታ ዕቃ ለሚያቀርብ ሰው ደግሞ አደጋው ያለው በጨረታ ሰነዱ ላይ ነው። ሰነዱ ‹‹ሰማያዊ ቀለም ያለው›› ብሎ ካቆመና አሸናፊው በዝቅተኛ ዋጋ የሚመረጥ ከሆነ፣ በየዓመቱ አዲስ አቅራቢ ይመጣል፤ ከእርሱም ጋር አዲስ ሰማያዊ ይመጣል። ርክክብ ላይ ‹‹ያለፈው ዓመት እንዲህ አልነበረም›› የሚል ኮሚቴ ከገጠመም አቅራቢው የሚከራከርበት ወረቀት የለውም። እዚህ ላይ ገዢውን ብቻ መውቀስ አይገባም። ዋጋ ከመስጠቱ በፊት የቀለሙን ቁጥር፣ ጥጥ ነው ፖሊስተር፣ በስክሪን ይታተማል ወይስ ጨርቁ ራሱ ይቀለማል ብሎ የማይጠይቅ አቅራቢ ትርፉን በዕድል ላይ አስይዟል። የሚለቅ ርካሽ ቀለም ላይ ዋጋ ሰጥቶ ያሸነፈ ሰው፣ የማይለቅ ቀለም ላይ ዋጋ ከሰጠው ጋር የተወዳደረው በአንድ ዕቃ አይደለም፤ ሰነዱ ግን አንድ ያደርጋቸዋል።

ልምድ ያላቸው አታሚዎች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ትንሽ ናሙና በእውነተኛው ጨርቅ ወይም ወረቀት ላይ ሠርተው ያሳያሉ። ናሙናው ላይ ሁለቱም ወገን ይፈርማል፤ ቁራጩ ለሁለት ተቆርጦ አንዱ ከገዢው፣ ሌላው ከአታሚው ፋይል ይገባል። ፋይሉ ውስጥ መግባቱ ራሱ ጥቅም አለው፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ናሙና ከጥቂት ወራት በኋላ ፀሐይ ይበላዋልና። የፓንቶን ማውጫም ቢሆን ወረቀት ነው፤ ይቢጫል፣ በእጅ ብዛት ይለቃል። አዘጋጁ ድርጅት በዓመት ወይም በዓመት ተኩል እንዲቀየር ይመክራል። ከሌላ ሰው በቅናሽ የተገዛ የአሥር ዓመት ማውጫ ይዞ ‹‹159 ይኸው›› የሚል አታሚ ካጋጠመዎት ማውጫው የታተመበትን ዓመት ይጠይቁት፤ አብዛኛውን ጊዜ ሽፋኑ ላይ ወይም ጀርባው ላይ ተጽፎ ይገኛል።